ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደርሷል፤ ጭነቱስ?

ለኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። እኔ ደሴ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት የተሳቢ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ከመሆኔ በፊት ደግሞ የሾፌር ልጅ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጭነት ስጠብቅ ነው የኖርኩት ማለት ይቻላል። በልጅነቴ አባቴን እጠብቅ ነበር፣ አሁን ፌሮዬን።

ኮምቦልቻ በወረድኩ ቁጥር ሐዲዱን አየዋለሁ። ተዘርግቷል፣ ምሰሶው ቆሟል፣ አሠራሩም ሸጋ ነው። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ግን ቀን ቆጥሮ፣ ሰዓት ጠብቆ ዕቃ ይዞልን የሚገባ ባቡር አላየሁም። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብናል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ባለው ሐዲድ ላይ የጭነት ባቡር ጀምሩልን። የመስመሩ መጨረሻ ሐራ ገበያ እስኪደረስ አትጠብቁ። የኤሌክትሪኩ ጉዳይ እስኪያልቅም አትጠብቁ። በናፍጣ ሎኮሞቲቭም ቢሆን፣ በሳምንት ሁለት ቀንም ቢሆን ይሁን። ቀኑ የታወቀ ይሁን እንጂ ሌላው ይደርሳል።

ለምን «ቀኑ የታወቀ» እንዳልኩ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ፌሮ አዝዤ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ አጓጓዥ ግማሹን ኪራይ ቀድሞ ተቀበለኝ። ዕቃው በሁለተኛው ቀን ይደርሳል ተባልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ስደውል መኪናው ተበላሽቷል አሉኝ። አምስተኛው ቀን ላይ ስልኩ ዝግ ነው። በኋላ ሲጣራ ለካ ሰውዬው የተሻለ ኪራይ አግኝቶ የኔን ፌሮ ሸዋ ሮቢት ላይ አራግፎት ሄዷል። በዘጠነኛው ቀን በሌላ መኪና መጣ። እስከዚያ ሶሌታ ሊሞላ የነበረው ደንበኛዬ ከሌላ ሱቅ ገዝቷል። እሱ ራሱ ለግንበኞቹና ለቀን ሠራተኞቹ የሁለት ቀን ሥራ ፈት ደሞዝ ከፍሏል። እስካሁን ሲያየኝ ሰላምታው ቀዝቀዝ ይላል።

ይህን ያነሳሁት ብሶት ለመዘክዘክ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ነጋዴ ምን ያደርጋል? ሁለተኛ እንዳይጋለጥ ከሚሸጠው በላይ ዕቃ ያከማቻል። ገንዘቡ መጋዘን ውስጥ ይታሰራል። የታሰረውን ገንዘብ ወለድና የመጋዘኑን ኪራይ በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ደሴ የሚሸጥ ቆርቆሮ ውስጥ ከፋብሪካው ዋጋ ሌላ ሁለት ዋጋ አለ። አንዱ የመኪናው ኪራይ ነው። ሌላው የጥርጣሬው ነው። ስለ ጭነት ሲወራ የመጀመሪያውን ሁሉም ያነሳል። ሁለተኛውን የሚያውቀው ደብተር የሚይዝ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን የበለጠ የጎዳኝ ሁለተኛው ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ባቲን ይወርዳል፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያለ አሰብ ይገባል። እነዚህን ስሞች ፊደል ሳልቆጥር ነው በቃሌ የያዝኳቸው። ያኔ የአገሪቱ የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በአሰብ ነበር። ኮምቦልቻ ደግሞ የዚያ መንገድ ማረፊያ ናት። ሾፌር ያድርባታል፣ ጎማ ያስነፋባታል፣ ይበላባታል። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። ከወደብ የሚመጣው መንገድና ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ የሚገናኙባት ሜዳ ስለሆነች ነው። ጨርቃ ጨርቁም፣ ቢራውም፣ ብረታ ብረቱም፣ ቆዳውም የተከተለው መንገዱን ነው።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ። ጭነቱ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አባቴም መኪናውን ይዞ ዞረ። መቼም ሾፌር የሚከተለው ጭነቱን ነው። እኛ ሰፈር ግን ጭር አለ። ልጅ ስለነበርኩ ምክንያቱ አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር አንድ በር ሲዘጋ ፓስቲ የምትጠብሰው ጎረቤታችን ጭምር እንደምትከስር ነው።

ከዚያም የባሰ ትዝታ አለን። ወሎ ስለ ጭነት ሲያስብ 1977ን ሳያስብ አያልፍም። ባቲ ላይ፣ ቆቦና ኮረም ላይ ሕዝብ እንደ ቅጠል ሲረግፍ እህሉ አገር ውስጥ ለመግባት ተራ ይጠብቅ ነበር። አሰብ ወደብ ላይ ተከምሮ መኪና አጥቶ ይቀመጥ ነበር። አባቴ ስለዚያ ዓመት ብዙ አያወራም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቡና እየጠጣን፣ «ከወደብ እስከ ባቲ ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር አትንገረኝ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

እንግዲህ የኔን ጥያቄ ከቢሮ ጥያቄ ለየት የሚያደርገው ይሄ ነው። ለእኛ የጭነት ባቡር የእድገት መፈክር አይደለም። የክፉ ቀን መንገድ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ያለው አገር ያ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አይተነዋል። በ1990 አየነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ በገባ ጊዜም አየነው።

ደግሞ የምጠይቃችሁን ነገር እናንተው ራሳችሁ ከዚህ በፊት አድርጋችሁታል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ መስመር ገና አላለቀም ነበር። ኤሌክትሪኩም አልተዘጋጀም። ያን ዓመት ድርቅ ነበር። ስንዴው ጅቡቲ ላይ ተከማችቶ ነበር። ምን ተደረገ? በናፍጣ ሎኮሞቲቭ እየተጎተተ ባለቀው ሐዲድ ላይ እህል ገባ። መስመሩ በይፋ የተመረቀው ከዚያ አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ነው። መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ነው። ማለትም እህሉ ከምርቃቱም፣ ከንግዱም ቀድሞ አልፏል። ያኔ ለምን ቻላችሁ? ስለተቸገርን ነዋ። እኛም አሁን የምንላችሁ ያንኑ ነው። ተቸግረናል።

ስለ መስመሩ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አቅጣጫ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወልድያ አጠገብ እስካለችው ሐራ ገበያ የሚሄድ የ392 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ነው። ውሉ የተፈረመው በ2004 ነው፣ ዋጋውም 1.7 ቢሊዮን ዶላር። የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርኬዚ ነው የያዘው። ሥራው በ2007 ተጀመረ። ከአዋሽ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዋሽ ላይ ከጅቡቲው መስመር ጋር ይገናኛል። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚቀጥል ሌላ መስመርም ነበረ፣ እሱ የቻይና ኩባንያ ሥራ ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በአፋር አቋርጦ ታጁራ ወደብ የሚወርድ ሐዲድ በዕቅድ ተይዞ ነበር። ይህ ሁሉ በካርታ ላይ ሲታይ ያማረ ነው። ካርታውን እኔም ወድጄዋለሁ።

ገንዘቡ የመጣው በብድር ነው። ብድር ደግሞ ባቡሩ ሄደም አልሄደም ወለዱ ይቆጥራል። የሱቅ ኪራይ የሚከፍል ሰው ይህን ለማስረዳት ኢኮኖሚስት መጥራት አያስፈልገውም። ሱቁ ተዘግቶ ቢውልም ኪራዩ ይከፈላል። ታዲያ ቢያንስ ግማሽ በሩን ከፍቶ መዋል አይሻልም?

አሁን እናንተ ልትሉት የምትችሉትን እኔው ቀድሜ ልበል። ምክንያቱም እዚህ ቡና ቤት ስንከራከር ሁልጊዜ የሚነሳ ነገር አለ።

ባቡሩ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። እውነት ነው። ከጅቡቲ የተነሳ ኮንቴይነር በሐዲድ ወደ እኛ ሊመጣ ከሆነ መጀመሪያ በድሬዳዋ አድርጎ አዋሽ ድረስ ይሄዳል። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ ሌላ 270 ኪሎ ሜትር። ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መኪናው ግን በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ቀጥታ ይመጣል፣ መንገዱም ከዚያ በብዙ ያጥራል። ስለዚህ «ባቡሩ ሲመጣ የጅቡቲ ጭነት ሁሉ ሐዲድ ላይ ይወጣል» የሚል ሰው ካለ አልስማማም። አንዳንዱ ዕቃ፣ በተለይ ቀላሉና ቶሎ የሚፈለገው፣ በመኪና መምጣቱን ይቀጥላል። ይቀጥልም።

ግን ጭነት የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። አስፋልት ላይ ጎማው በጭነቱ ክብደት ይተኛል፣ ይሞቃል፣ ናፍጣውን የሚበላውም ያ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ግን የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ባቡር በአንድ ሊትር ናፍጣ ከመኪና ሦስት እጥፍ ገደማ ጭነት የሚያንቀሳቅሰው። በጅቡቲው መስመር አንድ ረጅም ባቡር ከ100 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይጎትታል። ተሳቢ መኪና የሚጭነው ሁለት ነው። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ ሃምሳ መኪና በአንድ ፊሽካ ማለት ነው። ወደ እኛ ያለው መንገድ ዳገት ስለሆነ ባቡሩ አጠር ማለቱ አይቀርም። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር አይሞላም፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ያልፋል። ግማሹን ብቻ ይጎትታል እንበል። ሃያ አምስት መኪና ነው። ኧረ ሃያም ይሁን።

ደግሞም የደሴ ነጋዴ ዕቃ ሁሉ ከጅቡቲ አይመጣም። ብዙው ከአዲስ አበባ፣ ከሞጆ፣ ከአዳማ፣ ከድሬዳዋ ነው የሚመጣው። ለዚያ ጭነት አዋሽ ዙሪያ ጥምጥም አይደለችም። ልክ መንገዱ ላይ ናት። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄት። እነዚህ ከባድ ናቸው፣ አይቸኩሉም፣ ዋጋቸው ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ለባቡር የተፈጠሩ ዕቃዎች ማለት እነሱ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ማዳበሪያ። ማዳበሪያ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚፈልገው ዕቃ ነው። ከዘሩ ቀድሞ ካልደረሰ ቢመጣም ባይመጣም አንድ ነው። የወሎ ደጋ ደግሞ የበልግ አራሽ አለው። ለገሂዳ፣ ወረኢሉ፣ ለጋምቦ ያለው ገበሬ የሚያርሰው ሰኔን ጠብቆ አይደለም። በጥርና በየካቲት ሰማይ የሚያይ ገበሬ ነው። ለእሱ ማዳበሪያው ገና በታኅሣሥ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ መሆን አለበት። ጅቡቲ ላይ መርከብ ሲራገፍ ከመላ አገሪቱ መኪና ይጠራል፣ የኪራይ ዋጋ ይሰቀላል፣ ሌላው ጭነት ይዘገያል። የኔ ሲሚንቶም ያኔ ነው የሚጠፋው። ማዳበሪያውን ሐዲዱ ቢሸከመው ለገበሬውም ለኔም እፎይታ ነው።

መመለሻውስ? ይሄኛው ከበድ ያለ ጥያቄ ነው፣ እኔም እንቅልፍ አጥቼበታለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። አገራችን የምታስገባው ከምታወጣው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ሞልቶ የመጣ ባቡር ባዶውን ይመለሳል። ባዶ ፉርጎ የሚጎትት ሎኮሞቲቭ ናፍጣ ይበላል እንጂ ብር አያመጣም። መኪናም ያው ነው፣ ለዚህ ነው የመምጫ ኪራይ የመመለሻውንም የሚያስከፍለን።

ከእኛ ወደ ታች የሚሄድ ምን አለ? ከቃሉ፣ ከሐርቡ፣ ከከሚሴ ማሾ አለ። የባቲ ሰኞ ገበያ ከብት፣ ፍየልና ግመል አለ። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ምርት አለ። ቢራን ብቻ ውሰዱ። ሙሉ ጠርሙስ ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ ባዶው ጠርሙስ ይመለሳል። ሁለቱም አቅጣጫ ጭነት አለው! እንዲህ ያለ ዕቃ በባቡር ዓለም ብርቅ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። በ2009 ክረምት ሲመረቅ 75 ሄክታር ላይ የተዘረጋ፣ 90 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ነው። ያኔ ፓርኩንና ባቡሩን እንደ መንትያ ነበር የነገሩን። አንደኛው ተወለደ፣ ሁለተኛውን እየጠበቅን ነው። ከዚያ ወዲህ ጦርነቱም፣ የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል መታገዱም ፓርኩን ጎድቶታል። ባቡሩ ብቻውን ያድነዋል አልልም። ፋብሪካ የሚከፍት ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዕቃዬ ወደብ የሚደርሰው በስንት ቀን ነው?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ዛሬ ቁርጥ ያለ መልስ የለንም።

ሾፌሮች ይህን ሲያነቡ ሊቆጡኝ ይችላሉ። የአባቴ ልጅ ሆኜ እንዲህ በማለቴ እኔንም ይከብደኛል። አንድ ነገር ግን ልበል። ባቡር በር ድረስ አይመጣም። ኮምቦልቻ ላይ ይቆማል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ወደ ወረኢሉ፣ ወደ መካነ ሰላም፣ ወደ ኩታበር፣ ወደ ወልድያና ላሊበላ የሚያደርሰው ሁልጊዜም መኪና ነው። ጉዞው ያጥራል፣ ምልልሱ ይበዛል፣ ሾፌሩ ቤቱ ያድራል። አባቴ ቤቱ ያደረባቸውን ሌሊቶች በጣት መቁጠር እችል ነበር። ቢሆንም የረጅም መንገድ ተሳቢ በባንክ ብድር የገዛ ሰው እንደሚጎዳ አውቃለሁ፣ መደበቅም አያስፈልግም። ስለዚህ መኪናን በመመሪያ አታስወጡት። ባቡሩ በዋጋና በቀን ይወዳደር። ከረታ ይርታ።

ደሴዎችንም ልቆጣ። አንዳንዶቻችን «ባቡሩ ለምን ደሴ አልመጣም» እያልን እናኮርፋለን። ወገን፣ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ አይታችኋል? በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስድስት መቶ ሜትር ይወጣል። ሲኖትራክ እንኳ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ለከባድ የጭነት ባቡር በ100 ሜትር ጉዞ ሁለት ሜትር መውጣት ብዙ ነው። ሐረጎ ለእሱ ግድግዳ ነው።

ይህ ደግሞ ከዚህ በፊት ያልታየ ነገር አይደለም። በምኒልክ ዘመን ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር መድረሻው ሐረር ነበር። ተራራው አላስወጣ ሲል ሐዲዱ ከሥር በሜዳው ቀረ። በ1895 ባቡሩ በደረሰበት በረሃ ላይ ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሉት፣ በኋላ ድሬዳዋ ሆነ። ንግዱ ወደዚያው ወረደ። ሐረር አልሞተችም፣ ነጋዴዋ ግን ቁልቁል መውረድ ለምዷል። እኛም ኮምቦልቻ ላይ ጣቢያ ሲከፈት ደሴ ላይ ቁጭ ብለን የምናኮርፍ ከሆነ የሚሆነው ያው ነው። ልዩነቱ የእኛ መንገድ ከሐረርና ከድሬዳዋ በግማሽ ያጠረ መሆኑ ነው። በሚኒባስ ውለን የምንመለስበት ነው። ሁለት ከተማ ከመባል አንድ ከተማ፣ ላይና ታች ቤት ያለው፣ ብንባል እመርጣለሁ። (የኮምቦልቻ ጓደኞቼ ይህን አይወዱትም። አብሽሩ፣ ታች ቤቱ ነው ሳሎኑ።)

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ባቡር ማስጀመር ማለት ሎኮሞቲቭ ማምጣት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጣቢያው ከደረቅ ወደቡ ጋር በሐዲድ ካልተያያዘ አንድ ኮንቴይነር ሁለት ጊዜ ይነሳል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፣ በመሀል መኪና ይከራያል። በእያንዳንዱ ማንሳት ላይ ገንዘብ አለ። ክሬኑ ከጠፋ ደግሞ ቀን አለ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ሐዲድ ገብቶለታል። ኮምቦልቻም ደረቅ ወደብ አላት። ለእኛም ይኸው ይደረግልን። ያ እስኪሆን ግን ጣቢያው ሜዳ ላይ አንድ የኮንቴይነር ማንሻና የጉምሩክ ሠራተኛ ከነማኅተሙ ቢቀመጥ ሥራው ይጀመራል። ማኅተሙን አትርሱ። ዕቃ ደርሶ ማኅተም የጠፋበትን ቀን አውቀዋለሁ።

ሌላው የትንሽ ነጋዴ ነገር ነው። እኔ ብቻዬን አንድ ፉርጎ አልሞላም። አንድ ኮንቴይነርም ሁልጊዜ አልሞላም። ባቡሩ ለትልልቅ አስመጪዎች ብቻ ከሆነ ለእኛ ያው የሚያልፍ ጩኸት ነው። ነገር ግን ከጎረቤት ሱቆች ጋር ሆነን እንሞላለን። ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ እኮ ነን! በዚህ ሳምንት የኔ ቆርቆሮ ይበዛል፣ በሚቀጥለው የእሱ ቀለም ይበዛል፣ ኪራዩን በኩንታል እንካፈላለን። የሚያስፈልገን በማኅበር ስም ቦታ የሚይዝልንና ደረሰኝ ለየራሳችን የሚቆርጥልን አንድ መስኮት ነው። ታሪፉም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ዋጋው በደላላ ጆሮ በኩል ከመጣ መኪናውን ምን አስጠላን?

ስለ ጥበቃውም ዝም ብዬ አላልፍም። በ2014 የፕሮጀክቱ ካምፕና ንብረት መዘረፉንና መጎዳቱን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። በጅቡቲው መስመርም ሽቦና ብሎን ይሰረቃል፣ ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ ይገጫል። ሐዲድ ዘብ አቁመህ ብቻ አይጠበቅም፣ ርዝመቱ አይፈቅድም። የሚጠብቀው አጠገቡ የሚኖረው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ መሬቱን ለሐዲዱ የሰጠ ገበሬ ነው። ዓመታት አለፉ፣ ከሐዲዱ ያገኘው ከብቱን ዞሮ ማሻገር ብቻ ነው። ባቡሩ ቢሄድ፣ ማሾውን ቢያነሳለት፣ ልጁ ጣቢያ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ቢቀጠር፣ ብሎኑን የሚፈታውን ሌባ ራሱ ይይዝልናል። ቆሞ የሚዝግ ብረት ግን የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነውን ደግሞ ሁሉም ይወስደዋል።

የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦቱ ብዙ ጊዜ የተነገረን ምክንያት ነው። አልክድም፣ መስመሩ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ነው፣ ሲመጣም ያማረ ነው። ናፍጣ ውድ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ግን ዛሬ የኔ ሲሚንቶ በምን እየመጣ ነው? በናፍጣ ነው እኮ። በሃያ አምስት መኪና ናፍጣ። በአንድ ሎኮሞቲቭ ናፍጣ ቢመጣ ምንዛሪው ይተርፋል እንጂ አይባክንም።

መልሳችሁን በቴሌቪዥን አልጠብቅም። አንድ ወረቀት ይበቃኛል። የጭነት ባቡሩ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀን ጻፉበትና ኮምቦልቻና ደሴ መናኸሪያ በር ላይ ለጥፉልን። ቀን የምትመርጡ ከሆነ ሐሙስን አስቡልን። ሐሙስ የገባ ዕቃ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይራገፋል፣ ቅዳሜ ሐረጎን ይወጣል፣ ሰኞ ገበያ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
ሱቁ ውስጥ ሆኖ ፌሮ የሚጠብቅ ሰው
ደሴ